ወሎዬ ገር ነው ሲሉን ለምን ዋጋ እንቀንሳለን?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደሴ ላይ ልብስ እሸጣለሁ። የተማርኩት ግን ሥነ ልቦና ነው። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሁለቱንም ይነካል።

ደንበኛ ይገባል። ሻርፑን ያነሳል፣ ወደ በሩ ወስዶ በብርሃን ያየዋል፣ ጫፉን በጣቱ አሸት አሸት ያደርጋል፣ ዋጋ ይጠይቃል። እነግረዋለሁ። ተወደደ ይላል። ይሄ ያለ ነው፣ ገበያ ነው። ስለ ጨርቁ ጥራት አስረዳዋለሁ፤ እሱ ጎረቤት ሱቅ ያየውን ዋጋ ይነግረኛል። ይሄ ሁሉ አልሆን ሲለው ነው ያችን ነገር የሚያመጣት። ወሎዬ አይደለሽ እንዴ? ወሎዬ መች ይጨክናል? በቃ፣ አፌ ይያዛል። ለጥራቱ መልስ ነበረኝ። ለጎረቤቱ ዋጋም መልስ ነበረኝ። ለዚህኛው ግን የለኝም። ትርፌ ሲያልቅ እያየሁ እቀንሳለሁ።

የምለው ይሄ ነው። የጅምላ ፍረጃ ሲባል ስድቡ ብቻ ነው ትዝ የሚለን። ሙገሳውም ፍረጃ ነው። የወሎ ሰው ገር ነው፣ የወሎ ሴት ቆንጆ ናት፣ ወሎዬ ለእንግዳ ይሞታል። ሰውየውን ሳያውቁ፣ አገሩን ብቻ ሰምተው የሚለጥፉበት ነው። ስድብ ሲሆን እንቆጣለን። ሙገሳ ሲሆን ግን ደስ ብሎን እንሸከመዋለን፤ ከዚያ በእሱው ይጎትቱናል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይሄ ገርነት የእኛው ነው? ወይስ ገር ናችሁ ስለተባልን ነው ገር የምንሆነው?

ምላሾቹ

ነገሩ ረዘመ። ዘግይታችሁ ለገባችሁ ሰዎች የተባባልነውን በየቁጥሩ ልተርክላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አላወጣም፤ ሐሳቡን ነው የምነግራችሁ። የጥናት ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1 የመጣው ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ ከሚነዳ ወንድማችን ነው። የሁላችንንም ጤና ጠይቆ፣ የኔ ችግር የሱም መሆኑን ነገረን። ተሳፋሪው አስፋልቱ ላይ እወርዳለሁ ብሎ በዋጋ ይስማማል። እዚያ ሲደርሱ እስከዚያች ጥግ ብቻ አድርሰኝ ይለዋል። ጥጓ ስትደርስ ትንሽ ወደ ውስጥ ይጨመራል። ኮብልስቶኑ ያልቅና ድንጋያማው መንገድ ይጀምራል። ሂሳቡ ግን የአስፋልቱ ነው። ልጨምር የሚል የለም። እሱ ራሱ ሲጠይቅ የወሎዬነት ነገር ይነሳል፣ ያፍርና ዝም ይላል።

ምላሽ 2 ወልድያ ላይ የሚያስተምር ሰው ነው። ወደፊት ደጋግሜ ስለማነሳው መምህሩ ልበለው። እሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደቀላቀልን በጨዋ ቋንቋ አረመን። የባጃጁ ነገር በትንሽ ጥያቄ በር ከፍቶ በትልቁ መግባት ነው። ፍሪድማንና ፍሬዘር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1966 ካሊፎርኒያ ላይ ያሳዩትን ጠቀሰ። ነዋሪዎች ደጃፋቸው ላይ ስለ ጥንቃቄ የተሞላ አነዳድ የሚናገር ትልቅና የማያምር ሰሌዳ እንዲያስተክሉ ተጠየቁ። በቀጥታ የተጠየቁት 17 በመቶ ብቻ ናቸው እሺ ያሉት። ቀደም ብሎ ስለዚያው ጉዳይ ትንሽ ምልክት እንዲለጥፉ ተጠይቀው የነበሩት ዘንድ ሲሄዱ ግን 76 በመቶ ደረሰ። ጥጓ ማለት ያቺ ትንሽ ምልክት ናት።

የኔው ደግሞ ሌላ ነው፤ ስም ሰጥቶ ማሳመን። በ1975 የወጣ የሚለርና የባልደረቦቹ ጥናት አለ። ለአንድ ክፍል የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ንጹህ መሆን እንዳለባቸው ተሰበከላቸው። ለሌላው ክፍል ግን ንጹህ ልጆች መሆናቸው ተነገራቸው። ቆሻሻ መጣል በደንብ የቀነሱት፣ ከቆይታ በኋላም በዚያው የጸኑት፣ ናችሁ የተባሉት ናቸው። መምህሩ ከዚህ ተነስቶ ሙገሳ ሰውን ይሠራል፣ አትጥሉት የሚል ምክር ሰጠ። ጥሩ ክርክር ነው። እኔ ግን ለምን እንዳልረካሁ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ምላሽ 3 ላይ አየሩ ተቀየረ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው። በአገራቸው ስም ሌባ፣ ቋጣሪ፣ ተንኮለኛ እየተባሉ የሚኖሩ ሰዎች ባሉበት አገር፣ ደግ ተባልኩ ብሎ ማልቀስ ጥጋብ እንደሆነ ጻፈ። ምላሽ 4 ከአንድ መስመር አትበልጥም፤ ልክ ብሏል ነው።

ምላሽ 5 የኔ ነው። ቁጣው እንዲሁ እንዳልመጣ ይገባኛል ብዬ ጀመርኩ። የስድብ ፍረጃ ቤት ያስከለክላል፣ ሥራ ያስከለክላል፤ ከሙገሳው ጋር እኩል ነው የሚል ሰው የለም። ግን ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። ሰው ፊትህ ቆሞ እያለ፣ አንተ የምታየው ጭንቅላትህ ውስጥ ያለውን ሥዕል ነው። ዋልተር ሊፕማን በ1922 ይህን ነገር ሲያስረዳ የተጠቀመበት አነጋገር ይሄው የጭንቅላት ውስጥ ሥዕል ነበር። ሥዕሉ ቢያምርም ሰውየውን ይጋርደዋል።

ምላሽ 6 ለኔ ከሁሉም የከበደው ነው። ባቲ ላይ የምትሠራ ነርስ ናት የጻፈችው። ገና መድኃኒቱን ከመደርደሪያ ስታወርድ፣ የታማሚው ዘመድ ስለ ዓይኗና ስለ ወሎ ቁንጅና ማውራት ይጀምራል። ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ እያለች ስታስረዳ ሰውየው ፈገግ ብሎ ይሰማታል። ማብራሪያዋን ጨርሳ እንዲደግምላት ስትጠይቀው አንድም ነገር አልያዘም። ታማሚዋ እናቱ ናቸው። ማድነቁን ማንም ክፉ አይለውም፤ መድኃኒቱ ግን በትክክል አልተወሰደም። በዚያ ላይ እሷ ራሷ ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ጋር ስታወራ ድምጿ እንደሚለሰልስ፣ እንደሚጠበቅባት ፈገግ እንደምትል ታዝባለች። ያ ነው የሚያናድዳት።

ይህ የነርሷ ትዝብት በጥናትም የታየ ነው። ስናይደር፣ ታንክና በርሺድ በ1977 ባወጡት ሥራ ወንዶችን ከማያውቋቸው ሴቶች ጋር በስልክ አነጋገሩ። ከንግግሩ በፊት ለወንዶቹ ፎቶ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ የቆንጆ፣ ግማሾቹ ያን ያህል ያልሆነች። ፎቶው የተነጋጋሪዋ አልነበረም። ሴቶቹም ስለ ፎቶው የሚያውቁት ነገር የለም። ቆንጆ ናት ተብላ ከታሰበች ሴት ጋር ያወራው ወንድ ሞቅ ብሎ አወራ። በኋላ የሴቶቹን ድምጽ ብቻ ያዳመጡ ሌሎች ሰዎች፣ ቆንጆ ናቸው የተባሉትን ይበልጥ ተግባቢና ደስ የሚሉ ሆነው አገኟቸው። የሰውየው ግምት በስልኩ ሽቦ አልፎ የሴትዮዋን ጠባይ ቀየረው ማለት ነው። ነርሷም ስለ ራሷ የነገረችን ይህንኑ ነው።

ምላሽ 7 ከአንድ ታላቃችን ነው፣ ጋሼ ልበላቸው። ወጣቶች ስለ ገርነትና ቁንጅና ስናወራ የወሎ ስም ሌላም ሥዕል እንደነበረው አስታወሱን። በ1966ቱ ረሃብ፣ ከዚያም በ1977ቱ፣ ወሎ ማለት ለብዙ ሰው ረሃብ ማለት ሆነ። እሳቸው ያኔ ወጣት ነበሩ፣ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ወጥተው ነበር። አገርህ የት ነው ሲባሉ ደሴ ማለት ይከብዳቸው ነበር። ደሴ ካሉ ወዲያው እጃቸው ላይ እንጀራ ይቀመጣል። ራበኝ አላሉም፤ ግን ወሎ ናቸው፣ ርቧቸዋል። ሰጪው ክፋት የለበትም። እሳቸው ግን እንጀራውን እየበሉ አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ወንድማቸው ደግሞ መንግሥት ከረሃቡ አካባቢ ሰዎችን ባዘዋወረበት ሰፈራ ወደ ኢሉባቦር ሄዶ፣ እዚያ ሰፋሪ የሚል ስም ወጣለት፣ ልጆቹም ወረሱት። ጋሼ ይህንን የጻፉት ለምላሽ 3 መልስ እንዲሆን ነው። የደግነት ሙገሳውም፣ የረሃብ ምስሉም በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መፈራረቃቸውን እሳቸው አይተዋል። ስለዚህ የትኛውንም እንደ ሀብት እንዳንይዘው ነው ምክራቸው።

ምላሽ 8 ከዚህ ሁሉ ቁም ነገር መሃል ዓመተ ምሕረት ያዘ። ረሃቡ በ1984 ነው፣ ጋሼ ተሳስተዋል አለ። መምህሩ ምላሽ 9 ላይ ሁለቱም ልክ መሆናቸውን አስረዳ፤ ስለ ረሃቡ ከኮረም የተላለፈው ዘገባ በቢቢሲ ለዓለም የታየው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1984 ነው፣ በእኛ ጥቅምት 1977።

ምላሽ 10 ኃይለኛ ነበር። ስሙን የደበቀ ሰው ነው። ለስላሳነታችን ነው ያስረገጠን፣ ይሄ ሁሉ ሳይኮሎጂ ለደካማነት ካባ መደረቢያ ነው የሚል ዓይነት ነገር ጻፈ። እኔንም ነጋዴ ሆነሽ መነገድ ካቃተሽ ሱቁን ዝጊው አለኝ። አልዘጋም። የጻፈው ግን አንድ እውነት አለው። ያ ደንበኛ ያንን ቃል የሚያወጣው እንደሚሠራ ስለሚያውቅ ነው። ማባበያነቱን ለይቶ ማወቅ የሻጩም ሥራ ነው።

ምላሽ 11 የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ወደ ጥያቄዬ በቀጥታ የመጣችው እሷ ናት። ዳሪል ቤም በ1967 ያቀረበውን ሐሳብ ይዛ መጣች። ስለ አንድ ነገር ያለን ስሜት ደብዘዝ ሲል፣ ራሳችንን የምናውቀው ሌላውን ሰው በምናውቅበት መንገድ ነው፤ የሠራነውን አይተን። ለጎረቤቴ ውኃ ቀዳሁላት፣ ማንም አላስገደደኝም፣ እንግዲያው የማዝን ሰው ነኝ። እንዲህ ነው። ስለዚህ ገርነታችን የእኛ ነው፣ ምክንያቱም እየሠራነው ነው የሚል ነበር ድምዳሜዋ።

ምላሽ 12 እና 13 ላይ ክርክሩ ጠነከረ። አንዱ ፌስቲንገርንና ካርልስሚዝን አመጣ፤ የ1959 ሙከራቸውን። ተማሪዎች አሰልቺ ሥራ ይሠራሉ፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው ሥራው ደስ ይላል ብለው እንዲዋሹ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። 20 ዶላር የተቀበሉት ሥራው አሰልቺ መሆኑን አልካዱም። 1 ዶላር የተቀበሉት ግን ደስ ይል ነበር አሉ። በ1 ዶላር ዋሸሁ ማለት ስለሚከብድ፣ ልባቸውን ከአፋቸው ጋር አስታረቁት። ሌላኛው ተከራካሪ ደግሞ፣ ልብና አፍ ተጋጩ ማለት ሳያስፈልገው ቤም ይህንኑ ሙከራ በራሱ መንገድ አስረድቶታል ብሎ መለሰ። ትንሽ ተሰዳደቡ። መምህሩ ገብቶ ገላገላቸው፤ ፋዚዮ፣ ዛናና ኩፐር በ1977 ሁለቱም በየቦታቸው እንደሚሠሩ አሳይተዋል። የሠራኸው ነገር ከእምነትህ ብዙ ካልራቀ የቤም መንገድ፣ በግልጽ ከተጻረረ የፌስቲንገር።

ምላሽ 2 ለምን እንዳላረካኝ የምነግራችሁ እዚህ ጋ ነው። ቁልፉ ያለው ተማሪዋ አለፍ ብላ በተናገረችው ውስጥ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም በሚለው። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት በ1973 ሥዕል መሳል የሚወዱ ሕፃናትን ወስደው፣ ለአንዳንዶቹ ከሳላችሁ ሽልማት አለ አሏቸው። ሳሉ፣ ተሸለሙ። በኋላ ሽልማት በሌለበት ጊዜ እነዚያ ሕፃናት ቀለሙን የነኩት ከሌሎቹ ባነሰ ነው። ለምን እንደሳሉ ከውጭ ምክንያት አግኝተውለታል።

ሱቅ ውስጥ በእኔ ላይ የሚሆነውም ይሄ ነው። አንዲት እናት ለልጃቸው ዩኒፎርም ሊገዙ መጥተው፣ መቀነታቸውን ፈተው ብር ሲቆጥሩ ካነሰባቸው፣ ሳይጠይቁኝ እተውላቸዋለሁ። ሲወጡ ልቤ ደስ ይለዋል። ከዚያ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰውም ፊቴ ይፈታል። ወሎዬ አይደለሽ ወይ ተብዬ የቀነስኩ ዕለት ግን ስለ ራሴ የምማረው ደግ መሆኔን አይደለም፤ ተይዤ መቀነሴን ነው። ለሚቀጥለው ደንበኛ ፊቴ ይጠቁራል፣ መነሻ ዋጋዬም ከፍ ይላል። ልጆቹን ንጹህ ናችሁ ያላቸው መምህር ከልጆቹ የሚወስደው ነገር የለውም። የእኔ ደንበኛ ግን አለው። ደግ ናችሁ እያለ የሚወስድ ሰው ያንኑ የሚያሞግሰውን ደግነት ነው የሚያደርቀው። ይህንን እንደ ምላሽ 14 ጻፍኩት።

ከ15 እስከ 19 ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ተማሪዋ አሞገሰችኝ። ሌላ ሰው የወሎ ደግነት በቡናው ይታወቃል አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ እንግዳ አይወጣም። ከዚያ ቡና በጨው ነው በስኳር የሚል ጦርነት ተነሳ። በጨው የሚሉት በዙ። አንዱ ደግሞ ከባቲና ከአምባሰል ቅኝት የትኛው ሆድ ይበላል ብሎ ጠይቆ ጠፋ።

ምላሽ 20 ወደ መስመር መለሰን፣ ግን በመራራ ቃል። የሙስሊምና የክርስቲያን ፍቅር የሚባለው ለበዓል ንግግር የሚወጣ ጌጥ ነው፣ ሰዉ በየቤቱ የሚያወራውን ሄዳችሁ ስሙ አለ። ብዙዎች ተቆጡ። እኔ አልተቆጣሁም። ጥያቄው ጥያቄ ነው።

የመለሱለት ጋሼ ናቸው፣ ምላሽ 21 ላይ። ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተናገሩም። የተናገሩት ስለ ሰፈራቸው ቅሬ ነው፤ ሌላ ቦታ እድር የሚባለው። አንዲት ክርስቲያን ጎረቤታቸው ያረፉ ቀን፣ ገና ሳይነጋ አካፋና ዶማ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር ሊቆፍሩ ከወጡት መካከል ሙስሊሞቹ የቅሬ አባላት ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ከሟች ጋር በድንበር ተጣልቶ የነበረ ሰው ነው። ቢቀር ይቀጣል። የቀረበት ምክንያት ይጠየቃል። በሠርግ ጊዜም ሁለት ድስት ይጣዳል፣ ለሁለቱም ሥጋው በየወገኑ ይታረዳል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ቅሬው መዋጮውን ሲሰበስብ የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም።

ይህንን ሳነብ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 የጻፈው መጣልኝ። ሰዎችን አንድ ላይ ማኖር ብቻውን ፍረጃን አያጠፋም ነው የሚለው። እኩል ደረጃ ይፈልጋል። የጋራ ግብ ይፈልጋል። መተባበር ይፈልጋል። የሚከበር አካልም ድጋፉን መስጠት አለበት። ቅሬ ውስጥ አራቱም አሉ። መዋጮው እኩል ነው፤ ሬሳው የሁሉም ነው፤ ጉድጓዱን አንድ ሰው ብቻውን አይቆፍረውም፤ ሽማግሌዎቹና የሃይማኖት አባቶቹ ከጀርባው ቆመዋል። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ስለ ጎረቤቱ ክፉ ሊያወራ ይችላል። ጠዋት ግን ዶማ ይዞ ይወጣል።

ቃልና ተግባር መለያየታቸው ደግሞ የቆየ ነገር ነው። ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር አገሩን ዞረ። በዚያን ጊዜ ለቻይናውያን የነበረው ጥላቻ ከባድ ነበር። በ251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ገብተው የተከለከሉት አንዴ ብቻ ነው። በኋላ ለነዚያው ቤቶች ቻይናውያንን ትቀበላላችሁ ወይ ብሎ ሲጽፍላቸው፣ መልስ ከሰጡት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንቀበልም አሉ። ውጤቱን በ1934 አወጣው። የምላሽ 20 ሰው በየቤቱ የሰማው ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ወሬው ብቻውን ሰውየው ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ይህንን ምላሽ 22 ላይ ጻፍኩለት።

እሱም አልተረታም፣ ምላሽ 23 ላይ ተመለሰ። ቅሬው ባለበት ሰፈር ይሁን፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ዘግቶ የሚኖረው ልጅ ግን ጎረቤቱን የሚያውቀው በስልኩ ላይ በሚያየው ቪዲዮ ነው አለ። መልስ የሰጠው የለም። እኔም የለኝም። ከባድ ነገር ነው የተናገረው።

ምላሽ 24 የባጃጁ ልጅ ነው፣ በተግባር ምን እናድርግ ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 25 ዋጋ ለጥፉ፣ ድርድር ይቁም አለ። ምላሽ 26 ደሴ ላይ ዋጋ ለጥፎ የሚሸጥ ሰው ጾሙን ያድራል ብሎ ሳቀበት። ምላሽ 27 የሐይቅ ከተማ ነጋዴ ናቸው፣ እትዬ እላቸዋለሁ። እሳቸው ቃሉን ራሱን ይመልሱታል። ወሎዬ አይደለሽ ወይ ሲባሉ፣ አዎ ወሎዬ ነኝ፣ ለዚህ ነው መጀመሪያውኑ እውነተኛውን ዋጋ የነገርኩህ ይሉታል። ሰውየው ወይ ይከፍላል ወይ ይሄዳል፤ ሁለቱም ሳይጣሉ ነው። ለባጃጁ ልጅም ምክር ሰጡት። አስፋልቱ ላይ ሳይደርስ፣ ገና ሰውየው ሲሳፈር ጥጓ ስንት እንደሆነች ይንገረው። አብሽር፣ ሲለምዱት ይቀላል አሉት።

ከትናንት ጀምሮ እኔም የእትዬን መልስ እየተጠቀምኩበት ነው። አንድ ደንበኛ ሳቀና ከፈለ፣ ሌላው አኩርፎ ወጣ። ሳይጠይቁኝ የምተውላቸውን ሰዎች ግን አልነካሁም።

ክሩ ገና ክፍት ነው። አንድ ወገን ግን አልተሰማም። በሰፈራው ጊዜ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ወለጋ የሄዱ ወሎዬዎች፣ እዚያው የተወለዳችሁ ልጆቻቸውም፣ እባካችሁ ጻፉ። ሰፋሪ የሚለው ስም ዛሬም አለ ወይ? ከባላገሩ ጋር እንደ ቅሬ ያለ ነገር አቋቁማችኋል? ጋሼ የወንድማቸውን ልጆች ጉዳይ ካነሱ ወዲህ ይሄ ነው ማወቅ የምፈልገው።